የዘለልኳት መስመር

ትናንት ጠዋት ልጄ ስለ ጨጓራዬ ስልኳ ላይ ሰርች አድርጋ እያነበበችልኝ መሃል ላይ ቀጥ አለች። ስክሪኑን በጣቷ ገፋ አደረገችና «ስትረስ ነው፣ ማሚ» አለችኝ። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እኔም በሷ ዕድሜ ለሰው እንዲሁ አነብ ነበር።

ያኔ የምኖረው እዚሁ ሰው አገር፣ ኖርዝላንድ የሚባል ሰፈር፣ ሞርስ ሮድ ከሚሉት መንገድ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ለማ ጋ ነበር። ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ እየሠራ እኔን የሚያስተምር ሰው። ሆዱን ሲያመው «ጨጓራ ነው» አለ፤ እኛ ዘንድ ከደረት በታች ያመመ ሁሉ ጨጓራ ነው፣ ማን ሐኪም ይጠይቃል!

«ኮሌጅ ገብተሽ የለ፣ እስቲ ኢንተርኔቱን እይልኝ» አለኝ።

እኔ ሞኟ የቱ ጋ እንደሚያመው እንኳ ሳልጠይቅ፣ ላይብረሪ ገብቼ ጨጓራ ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ኢንተርኔቱም የጠየቅኩትን መለሰልኝ። በርበሬ ቀረ፣ ቤቱ ሁሉ አልጫ በአልጫ ሆነ። ትንሽ ሲሻለው ለጓደኞቹ «ዶክተሬ ናት» እያለ ያስተዋውቀኝ ጀመር። እኔም አላፍር፣ ተኮፈስኩ።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲጨቀይ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። «ደግመሽ እይልኝ» አለኝ። ኩሽና ቁጭ ብለን ላፕቶፑን ከፍቼ እያነበብኩ ስተረጉምለት፣ ከታች አንዲት መስመር መጣች፤ ክብደት ከቀነሱ ካንሰርም ሊሆን ይችላልና ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ የምትል። ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም ተብዬ ነው ያደግኩት። በጣቴ ገፋ አድርጌ ዘለልኳት።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለኝ።

«ይኸው ነው፣ ጋሼ። ወተት አብዛ።»

ዓይን ዓይኔን አየኝና «እሺ ልጄ» አለ።

የፋይናል ፈተናዬን ልጨርስና እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ሙቀቱ ገባ። ሥራ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ሲወስዱት ዶክተሩ «ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ» አለኝ። ያንንም አልተረጎምኩለትም። ቅጠሉ ሳይረግፍ ቀበርነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «አንቺስ አስታመሻል» እያለ ሲያጽናናኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እስከ ትናንት ድረስ ጋሼ አላወቀም እያልኩ እኖር ነበር። የልጄን ጣት ሳይ ግን፣ ያኔ እሱም ጣቴን እንዳየ ገባኝ። ቀሚሶቼ ከሰፉኝ ሁለት ወር ሆኗል። የዘለልሽውን አንብቢው ልላት ፈልጌ ቀና ስል ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች።

«በቃ? ይኸው ነው?» አልኳት።

«ዛትስ ኢት፣ ማሚ።»

«እሺ ልጄ» አልኳት።