አማቴ የተከተቡ ዕለት

የልጃችን የአርባ አምስት ቀን ክትባት ከወሩ መባቻ፣ ከልደታ ጋር ገጠመ። ባለቤቴ ጡቷ አብጦ ትኩሳት ስለያዛት ጤና ጣቢያ የምንወስደው እኔና እናቷ ነበርን። እኔ ፊቴን ሳልታጠብ አማቴ ልጁን ታቅፈው፣ አፉን በነጠላ ሸፍነው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል።

«አቁርቤው መጣሁ» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ክርስትና የተነሳው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ይቁረብ እንጂ፣ ማን ይቃወማል? ደግሞ ለክትባቱ ከኔ በላይ የሚጓጉት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ገና መዳህ ሳይጀምር፣ ተቅማጥ ነው የነጠቃቸው። የተቅማጥ መከላከያ እንዳለ ከሰሙ ወዲህ «ቀኑ መቼ ነው?» እያሉ አደንቁረውኛል።

ጣጣው የመጣው ጤና ጣቢያ ደርሰን ሲስተሯ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ከፍታ «አፉን ይግለጡልኝ» ስትል ነው።

«ምን ልታደርጊው?»

«በአፍ የሚሰጥ ነው እማማ።»

አማቴ ክው አሉ። ክትባት ሁሉ መርፌ ይመስላቸው ነበር። «ቆርቧል እኮ! ቢተፋውስ?»

የቆረበ ሰው ምራቁን እንኳ አይተፋም። የቆረበ ሕፃን ግን ይህን አያውቅም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ዘብ ይቆምለታል። አማቴ ነጠላውን ይበልጥ አጠበቁት። «ነገ እናምጣው» አሉ። ሲስተሯ «ቱቦው ተከፍቷል» አለች። ወረፋ የያዙት እናቶች ጉባኤ ተቀመጡ።

«ጡትም ሲያገሳ ይተፋ የለ? ምን ልዩነት አለው?» አለች አንዷ።

«ኧረ ተይ አታስቀስፊን!» አለች ሌላዋ።

ጫጫታውን ሊያበርድ የመጣው ዘበኛ እሱም ፍርድ ሰጠ። «ቁርባኑ ቀድሞ ገብቷል፤ ከሥር ነው ያለው። ጠብታው ከላይ ነው የሚያርፈው። ቢተፋ የላዩን ነው የሚተፋው።» ሆድን እንደ ፎቅ ቤት ነው የሚያየው። እኛም አመንነው፤ ጨንቆን ይሆናል።

ከዚያማ ቀዶ ሕክምና የምናደርግ ነው የሚመስለው። እኔ እግሩን ያዝኩ። ዘበኛው የነጠላውን ጫፍ አገጩ ሥር ዘረጋ። አማቴ አፉ ላይ አፈጠጡ። ሲስተሯ ሳቋን ውጣ ጨመቀችለት። ልጁ መጀመሪያ ጠባ ጠባ አደረገ። አንዷ እናት እልል ልትል አፏን ስትከፍት ፊቱን ጭምድድ አደረገና ሁሉንም መለሰው።

አማቴ ከነጠላው ቀደሙ። ጎንበስ ብለው አፋቸውን አፉ ላይ ገጥመው አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ ጭልጥ አደረጉት።

ሲስተሯ ባዶውን ቱቦ አየች፤ አማቴን አየች።

«እማማ፣» አለች ሲስተሯ፣ «እርስዎ ተከተቡ እኮ።»

ሳቁ ከኮሪደሩ ጀመረ። ዘበኛው «እንኳን ደስ ያለዎት!» አላቸው። እኔ ሆዬ የልጁን እግር እንደያዝኩ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ቀና ስል ግን አማቴ አይስቁም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«የልጁን መድኃኒት በላሁበት» አሉ። «ደግሞ በኔ እጅ! ደግሞ በኔው እጅ!»

እኝህ ሴት ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ማንን እንደሚያለቅሱ ገባኝና በሳቄ አፈርኩ።

ሲስተሯ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ምንም አልሆነም እማማ። ወዲያው ስለተፋው ሌላ እሰጠዋለሁ። እርስዎንም ምንም አያደርግዎትም።» ዘበኛውን ወደ በሩ፣ እናቶቹን ወደ ወረፋቸው መለሰች። ሌላ ቱቦ ከፍታ በጉንጩ በኩል ቀስ እያለች አንጠባጠበችለት። ልጁ ዋጠ። ጭራሽ ከንፈሩን ላሰ፣ ጨምሩልኝ የሚል ይመስል።

አማቴ እስኪያበቃ አልተነፈሱም። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ሲስተሯን ትክ ብለው አዩዋት። ከባለቤቴ የምታንስ ልጅ ናት።

«ያኔ የት ነበርሽ?» አሏት።

ሲስተሯ ያኔ አልተወለደችም። ጠብታውም አልነበረም። ይህን ልትነግራቸው ትችል ነበር።

«ዘግይቼ ነው እማማ፣» አለቻቸው፣ «ይቅርታ።»