ዳምቦያ ያልለቀቀችው ሐኪም

ማክሰኞ፣ ንጋት

ከአዲስ አበባ ስንነሣ ጎህ ገና አልቀደደም። ላንድሮቨሩ የጤና መሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ሾፌሩ አቶ ዘርጋ የቡታጅራ ሰው ነው፤ መኪናው ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ዓይኑን አያሳየኝ ይላል። እኔ ደግሞ ያለ ሲጋራ መንጋቱ አይገባኝም። እስከ ዓለም ገና ተኮራርፈን ተጓዝን።

ጉዞው ወደ ሆሳዕና ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ዶክተር ታደሰ በዚያ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ጠቅላላ ሐኪም ነው። መሥሪያ ቤቱ አንድ የትምህርት ዕድል አግኝቷል። ታደሰ ከተቀበለ ሦስት ዓመት ውጭ አገር የሕፃናት ሕክምና ብቻ ተምሮ ይመለሳል፤ ከዚያም ሆሳዕና ላይ የሐዲያንና የከምባታን ወጣት ሐኪሞችና ድሬሰር የሚባሉ ረዳት አካሚዎች ያሠለጥናል። በዚያ ሁሉ አገር ለልጅ ብቻ የተማረ ሐኪም አንድ እንኳ የለም። እሱ እምቢ ካለ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል። ጋዜጠኛ ብሆንም፣ ጓደኛው ነኝና የታደሰን መልስ የማምጣቱ አደራ የተሰጠው ለእኔ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ይፈልጉታል።

ቡታጅራ ላይ ሻይና ዳቦ በሃያ አምስት ሳንቲም በላን። አቶ ዘርጋ የአገሩን ሰዎች ሲያይ ፊቱ ተፈታ፤ ከእኔም ጋር ታረቀ። ከዚያ ወዲያ ጠጠርና አቧራ ነው። ግራና ቀኙ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ የሣር ቤት፣ ከቤቱ ደጅ የታሰረ ጥጃ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሆሳዕና

ገበያው ዳር የጉራጌ ሱቆች ተደርድረዋል፤ አቡጀዲ፣ ላምባ፣ ጨው፣ የሸራ ጫማ። ጤና ጣቢያው ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። እናቶች ልጅ አዝለው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰልፉ እስከ በሩ ይደርሳል።

ታደሰ ከስቷል። እጁን እየታጠበ፣ «መልሴን ልትወስድ ነው የመጣኸው?» አለኝ።

«ለዳቦህማ አልመጣሁም።»

ሳቀ። «እሄዳለሁ» አለ። «የአዋቂ ልብ ሳዳምጥ የምሰማውን አውቃለሁ። የልጅ ሲሆን ግን እገምታለሁ። ሰው በልጅ ነፍስ ላይ ይገምታል?»

በደስታ ትከሻውን መታሁት። ቀላል ጉዞ ሆነልኝ ብዬ ነበር። ታደሰ ግን የትውልድ አገሩ ዳምቦያ ሄዶ ዘመዶቹን ካልተሰናበተ እንደማይነሣ ነገረኝ።

ረቡዕ፣ ዳምቦያ

የገበያ ቀን ነው። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቅቤ፣ የዝንጅብል ክምር። ሽታው መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል። አቶ ዘርጋ ለሚስቱ ዝንጅብል ሊገዛ ወረደ፤ እኛ ወደ ታደሰ እናት ቤት ወጣን።

ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ደጁ ላይ ሽማግሌዎች ቆመው ይጠብቁናል፤ በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ታደሰ ሲያያቸው እርምጃውን ገታ።

«አባቶቼ፣ ቁጭ በሉ እንጂ!»

«አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ አቶ ላምቦሬ። «እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

የአገሩ ወግ ነው። እርጥብ ሣር ይዞ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ ልመናው ካልተሰማ አይቀመጥም፤ እህል ውኃም አይቀምስም። ሽማግሌ አቁሞ የመለሰ ሰው ነውሩ ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ታደሰ።

«አላጠፋህም። ልትሄድ ነው አሉን። ልጆቻችንን ለማን ትተህ?»

«ለእነሱ ብዬ ነው የምሄደው። ተምሬ እመለሳለሁ። ሌሎችንም አስተምራለሁ።»

«የሄደ ሁሉ እመለሳለሁ ብሎ ነው የሄደው» አሉ ሽማግሌው። «ደግሞስ ብትመለስ? ሦስት ዓመት ለአንተ ትምህርት ነው። ለሕፃን ግን ዕድሜው ነው። የሦስት ዓመቱ ሐኪም ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

ከመካከላቸው በዕድሜ የሚያንሰው አቶ ሞሊሶ የሚባል ገበሬ ቀጠለ። «ወንዱን ልጄን ከሞት አፍ ያወጣኸው አንተ ነህ። ያን ቀን ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? አትሂድብን።»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። አቶ ላምቦሬ ላባቸውን እየጠረጉ ቆመዋል። ያኔ የታደሰ እናት ከቤት ወጣች። ለልጇ ትናገርለታለች ስል፣ ሄዳ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆመች።

ታደሰ እናቱን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። «እሺ» አለ። «አልሄድም። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ምርቃቱ ወረደ፤ ቆጮና አይብ ቀረበ። እኔ ተናድጄ ነበር። ይበልጥ ያናደደኝ ግን አንድም ሰው ተሳስቷል ለማለት አለመቻሌ ነው። የእኔ ልጅ እዚያ ቢሆን እኔም ሣር ይዤ እቆም ነበር።

ከምሳ በኋላ አቶ ሞሊሶ ሴት ልጁን ይዞ መጣ። አስቴር ትባላለች፤ ጥርሷን መቀየር የጀመረች ልጅ ናት። ትንሽ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል፤ እግሯ አብጧል። ታደሰ ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ሰክቶ ደረቷን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ነቅሎ እንደገና አዳመጠ።

«ልቧ ውስጥ የምሰማው ነገር አለ» አለ። «ምን እንደሆነ አላውቅም። አዲስ አበባ ትሂድ።»

ሲሸኘን በመኪናው መስኮት በኩል፣ «ቀርቼ የማደርግላት ነገር ቢኖር ይኼን ያህል አያመኝም ነበር» አለኝ።

ሐሙስ፣ የመልስ መንገድ

አስቴር አባቷ ጭን ላይ ናት፤ ጋደም ስትል ስለሚያፍናት ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። መኪና ተሳፍራ አታውቅም። አቶ ዘርጋ አንዴ ጥሩምባ ሲነፋላት ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ላም ባየ ቁጥር ይነፋል። ላም በሌለበትም ነፋ። ጉድጓድ ሲያጋጥመው ደግሞ እንቁላል እንደጫነ ሰው ያልፈዋል።

ሲመሻሽ ሆስፒታል ደረስን። የሕፃናቱ ሐኪም ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ብዙም ሳያዳምጡ አቶ ሞሊሶን ጠየቁት።

«ከዚህ በፊት ጉሮሮዋን አሟት ያውቃል? ከዚያ በኋላ ጉልበቷ አብጦ ነበር?»

«አምና። ክርኗም አብጦ ነበር። ብርድ ነው ብለን ቅቤ አሸናት።»

«ልቧን የመታው ከጉሮሮዋ የተነሣው በሽታ ነው። ያን ጊዜ ታውቆ በየወሩ ፔኒሲሊን ብትወጋ ኖሮ ልቧ እንዲህ አይጎዳም ነበር።»

«ፔኒሲሊንማ ሆሳዕናም አለ!»

«አለ። በሽታውን በጊዜው የሚለይላችሁ ሰው ነው የሌለው። አሁን የምንችለውን እናደርጋለን፤ ትድናለች ብዬ ግን ቃል አልሰጥህም።»

አቶ ሞሊሶ ልጁን አየ፣ ቀና አለ። «እርስዎ ይኼን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብዎ?»

«ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ሦስት ዓመት።»



ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ጠዋት የታደሰን መልስ ለመሥሪያ ቤቱ አደረስኩ። ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እዚያው ፊቴ ስልክ አንሥተው ለሌላ ሐኪም ነገሩት። ሰውየው ወዲያው እሺ አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ሄድኩ። አስቴር ተኝታለች። አቶ ሞሊሶ ወደ በረንዳው ይዞኝ ወጣ። ሌሊቱን ያለቀሰ ሰው ዓይን ነው ያለው።

«ለታደሰ መልእክት አድርስልኝ» አለ። «ይሂድ። ሽማግሌዎቹን እኔ እለምናለሁ። ለቅቀንሃል በለው። መቼ ነው የሚነሣው?»

ልዋሸው አልቻልኩም። ቦታው ዛሬ ጠዋት ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ነገርኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ደገምኩለት።

«ሰውየው ተምሮ ወደ እኛ ይመጣል?»

«አይመጣም። እዚህ አዲስ አበባ ነው የሚመደበው።»



«አዲስ አበባማ የልጅ ሐኪም አላት» አለና ወደ ልጁ ገባ።