ሌዘሩ፣ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲውና የእኔ እልልታ

መጀመሪያ ሽንት ያመለጠኝ ስስቅ ነው። ዳባት በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ጭውውት አዘጋጅተው፣ አንዷ የርዕሰ መምህራችንን አረማመድና ጉሮሮ አጠራረግ አስመስላ ስትሠራ፣ እንደ ልማዴ ከሁሉ ቀድሜ፣ ከሁሉ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሙቀት ተሰማኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ጭውውቱ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እኔ አልተነሣሁም።

ብርድ ነው አልኩ። ደባርቅ ተወልዶ ያደገ ሰው ለሁሉም ነገር ብርዱን ይከሳል። ቀጥሎ ሳስነጥስ መጣ፤ ቀጥሎ ከደባርቅ ዳባት የሚያመላልሰኝ ሚኒባስ ጉድጓድ ሲገባ፤ ቀጥሎ ውኃ የሞላ ባልዲ ሳነሣ። ካረጥኩ ሰንብቻለሁና ድርቀትና ማቃጠልም ነበረብኝ፤ ከባለቤቴ ጋር መተኛት ራሱ ሕመም ሆነ። ወገቤን አሞኛል ብዬ መኝታ ለየሁ። ይህን በግልጽ የምጽፈው እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ያን ያህል ጊዜ ተደብቄ ባልኖርኩ ነበር ብዬ ነው።

ከሁሉ የከፋው እልልታው ነው። በሰፈራችን የምታወቀው በእልልታዬ ነው፤ "ዘውዲቱ ካልመጣች ሙሽራዋ ከቤት አትወጣም" ይባላል። እልልታ የሚወጣው ከሆድ ነው፤ ሆድ ሲገፋ ደግሞ ፊኛም ይገፋል። የአንዲት ልጄ፣ የሕይወት፣ ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። ሙሽራው የበየዳ ልጅ ነው፤ እልልታ የሚያውቁ አማቶች ይመጣሉ። የሙሽራዋ እናት ዝም ልትል ነው። አለቀስኩ።

ቤተ ክርስቲያን መግባትም ተውኩ። ልብሴ ንጹሕ አይደለም ብዬ፣ በወር አበባ ላይ እንዳለች ሴት ቅዳሴውን ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አዳምጥ ጀመር።

እትዬ ጥሩ የሚባሉ የግድግዳ ጎረቤት አሉኝ። ዐይናቸው ምንም አያልፈውም። ሰፊ ቀሚስ ማብዛቴን አዩ፤ ሽንት ቤት መመላለሴን አዩ፤ ባልዲ አላነሣም ማለቴን ሰሙ። ያዩትን ሁሉ ደምረው፣ አንድ እሑድ ሰው በተሰበሰበበት ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉና "ማርያም በሽልም ታውጣሽ!" አሉኝ። ለነፍሰ ጡር የሚባል ምርቃት ነው። እኔ ሃምሳን አልፌያለሁ።

"ለገንፎሽ የሚሆን ገብስ አስፈትጌ አስቀምጫለሁ" ብለው ጨመሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማ ያህል። ሰው ሁሉ ሰማ።

ባለቤቴ መሪጌታ ነው። የዚያን ዕለት ፊቱ ጠቁሮ ገባና ከፊቴ ተቀመጠ።

"እኔ የምለው፣ ዘውዴ" አለኝ፤ "ቀሲስ መንገድ ላይ አቁመው 'የሣራን ማሕፀን የከፈተ አምላክ ይመስገን' አሉኝ። መኝታ ከለየን ሰነበትን። ምን ብዬ አሜን ልበል?"

ሳቄ መጣ። ልይዘው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ሳቅሁ፣ አመለጠኝ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ሁሉን ነገርኩት።

"ደዌ ነውር አይደለም" አለኝ። "ልብስሽን ቀይረሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፤ ማን ከለከለሽ? ጎንደር ሐኪም ዘንድ እንሂድ። አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ባሕር ዳር የምትሠራው ሕይወት ስትሰማ ስልኬን በማስታወቂያ ሞላችው። ያለ ቀዶ ጥገና "የሴትነት እድሳት"፤ ሌዘር፤ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ፤ ለምሳ ወጥተው ታክመው የሚመለሱበት። መሪጌታ በትከሻዬ በኩል አነበበና "እድሳት ለደብሩ ጣሪያ ነው የማውቀው" አለ። ልጄ ግን ቆርጣለች፤ ከሰርጉ በፊት ሌዘሩን ታሠሪያለሽ አለችኝ።

ጎንደር ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አዲስ አበባ ሌዘር ተሠርታ እንደነበር አጫወተችኝ። ድርቀቱ ለጥቂት ወራት ቀለላት፤ ከዚያ ተመለሰ። አልተጸጸተችም፤ "ሁለተኛ ግን ሳልጠይቅ አልሠራም" አለች።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ሽንቴን አስመረመረች፣ የማሕፀን በር ምርመራ አደረገችልኝ፣ የጡት ካንሰር ኖሮብኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። "ሁለት ነገር አለብዎት" አለች። "አንዱ ስትረስ ኢንኮንቲነንስ ይባላል፤ ሆድ ሲጫን ሽንት ያመልጣል። ሌላው ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጣ የብልት መሳሳትና ድርቀት ነው። ሁለቱም ሕክምና አላቸው።"

ማስታወቂያዎቹን አሳየኋት። አልሳቀችብኝም፤ አንድ በአንድ አስረዳችኝ።

"ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የብልት ግድግዳ ላይ ጥቃቅን የቃጠሎ ነጥቦች ያሳርፋል፤ ሰውነት ያንን ሲጠግን ኮላጅን የሚባል አዲስ የሥጋ ማጠንከሪያ ይሠራል ተብሎ ነው። ኤርቢየም የሚባለው ሌዘር ለስለስ ይላል። ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ሳያቆስል በሞገድ ውስጡን ያሞቃል፤ ልቧ ላይ ፔስሜከር፣ የልብ ምት ማስተካከያ፣ ለተደረገላት ሴት አይሆንም። በአልትራሳውንድ የሚያሞቅም አለ፤ ስለ እሱ የምናውቀው ከሁሉ ያንሳል። ሁሉም ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይፈልጋሉ።"

"ታዲያ የቱ ይሻላል?"

"ድርቀቱ የቀለላቸው ሴቶች አሉ። ነገር ግን ለማስመሰል ያህል ብቻ የተደረገላቸውም ቀሎናል ይላሉ፤ ልዩነቱ ገና በደንብ አልጠራም። ቃጠሎ፣ ጠባሳና የማይለቅ ሕመም የገጠማቸውም አሉ። ለሽንቱ ደግሞ መጀመሪያ የምንመክረው ማሽን አይደለም። እርስዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?"

"መሳቅ" አልኳት። "በልጄ ሰርግ እልል ማለት።"

"እንግዲያው በጡንቻ እንጀምር። ካልበቃ ሌላ መንገድ አለን፤ ማሽኑም የትም አይሄድም።"

የኢስትሮጅን ክሬም አዘዘችልኝ፤ ሽንት ለሚቋጥረው የዳሌ ወለል ጡንቻ ስፖርት ወደ ፊዚዮቴራፒስት ላከችኝ። መጀመሪያ ቤቴ ብቻዬን ስሞክረው ወደ ታች አምጥ ነበርና ባሰብኝ፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ናት ያረመችኝ፤ ሽንት ቋጥረው እንደሚይዙት ወደ ላይ መሳብ፣ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ትንፋሽ ሳይያዝ። ሌላው የተማርኩት ከማስነጠስ በፊት መቋጠርን ነው። እኔ ችኩል ነኝ። መሪጌታ ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጦ ጉልበቱን በመዳፉ ቀስ እያለ ይመታልኝ ነበር፤ ስቸኩል "ተማሪ ነሽ እንዴ? ዜማ እንዲህ አይሮጥም!" እያለ፣ ሌላ ሰው ቢያየን መዝሙር የሚያስጠናኝ ይመስለዋል። ከደባርቅ ዳባት ሚኒባስ ውስጥም እሠራዋለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያማርር እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ እቋጥራለሁ፣ እለቃለሁ፣ ማንም አያውቅም። ለውጥ የለም ብዬ ተስፋ የቆረጥኩባቸው ሳምንታት ነበሩ። ክሬሙ ማቃጠሉን አስቀድሞ አስታገሰው፣ መኝታችንም ተመለሰ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ሚኒባሱ የታወቀው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ምንም ሳይሆን ቀረ፤ ሹፌሩን ላመሰግነው ምንም አልቀረኝም።

የሰርጉ ዕለት ጨርቅ አድርጌ ነበር፤ ልቤ ሙሉ አልነበረም። የበየዳ ሚዜዎች እየጨፈሩ ደጃችን ሲደርሱ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቋጠርኩ። አፌን ከፈትኩ። እልል አልኩ። ምንም አላመለጠኝም። ደገምኩት፤ ሕይወት በቬሏ ውስጥ ሆና ስታለቅስ አየኋትና ሰለስኩት፤ አማቶቼ ቢመልሱም አልበለጡኝም።

ዛሬም ከባድ ጉንፋን ሲይዘኝ ጠብታ አታጣኝም። ከባሰብኝ ወደ ሐኪሟ እመለሳለሁ፤ ስለ ማሽኖቹም ያን ጊዜ እንነጋገራለን። እኅቶቼ፣ ማስታወቂያው እድሳት ይላችኋል፤ ሐኪም የሚያክመው ግን ስም ያለው ሕመም ነውና መጀመሪያ የእናንተን ሕመም ስም አስነግሩ፤ ማሽኑ ቢያስፈልግ እንኳ ጉዳቱን ጠይቁ። ውኃ መጠጣት አትተዉ፤ እኔ ትቼ ሽንቴ ከማቃጠል በቀር ያተረፍኩት የለም። ሐኪሟንና ፊዚዮቴራፒስቷን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሪጌታን ቤት ውስጥ አመሰግነዋለሁ።

እትዬ ጥሩን ግን እዚሁ ላመስግን። ከሰርጉ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ሁሉን አጫወትኳቸው። ነጠላቸውን ሲቋጥሩና ሲፈቱ ቆዩ።

"እኔስ ከመጨረሻዬ ልጅ ጀምሮ አይደል?" አሉ በመጨረሻ። "የሴት ዕጣ ነው ብዬ ነዋ! ሽንት ቤት ስትመላለሺ ያየሁሽ በየት ይመስልሻል? እኔም ስመላለስ ነው።"

በሳምንቱ ጎንደር ይዣቸው ሄድኩ። አሁን ሁለታችንም ቅዳሴውን ቤተ ክርስቲያን ገብተን እናዳምጣለን፤ እሳቸውም ስፖርቱን ጀምረዋል፤ ስለ ስፖርቱ ከእኔ በላይ ምክር ይሰጣሉ።

ባለፈው እሑድ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩ ናቸው፤ በእጃቸው ገንፎ፣ መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ!"

"እትዬ፣ ምን ወለድኩና?"

"ታዲያ ገብሱ ተፈትጎ ይቅር?"

ሳቅሁ። ግድግዳ ተደግፌ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ቀሚሴ ደረቅ ነበር።