ጋሼ፣ እንዳይቆሙ!

ትናንት የአባቴን ቁም ሣጥን ሳስተካክል ሦስት ሰማያዊ ኳሶች ያሉበት የፕላስቲክ መተንፈሻ እጄ ገባ። አየር ስትስቢበት ኳሶቹ ይነሣሉ። ሳብኩት፤ ጠቅ ጠቅ ብለው ወጡ። ያን ድምፅ ስሰማ ተመልሼ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ሐኪሟ አባቴ ሳንባ ላይ ያለው ካንሰር በኦፕሬሽን ሊወጣ እንደሚችል ነግራን ነበር። ግን አቅም አልነበረውም። «አራት ሳምንት በየቀኑ ይራመድ፣ በዚህ ባለ ኳስ ዕቃም ይተንፍስ። ከዚያ ስድስት ደቂቃ ሳይቆም ከተራመደ እንገባለን፤ ካልሆነ ኦፕሬሽኑን አይችለውም» አለች። አባቴ ደግሞ ለሁለት ብሎክ መኪና የሚያስነሣ ሰው! ያውም «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሎ አስምሎኛል። እኛ ዘንድ በሽታ ይደበቃል፤ የካንሰርማ ስሙም አይጠራ።

ሶ፣ የሐበሻ ሱቅ የተደረደረበትን የሰፈራችንን ጎዳና፣ ፌርፋክስን፣ ሽቅብ ቁልቁል ተያያዝነው። ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሰው እዚያ መራመድ ይችላል እንዴ? ሥጋ ቤቱ በር ላይ «እንዴት ነህ? ቤተሰብ? ሥራ?»፣ ልብስ ሰፊው ጋ እንደገና። ሰዓቴን ሳይ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አባቴ ቆሟል። ሰዎቹን በሆዴ ረገምኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ነቃሁበት፤ ማንም ሳይጠራው በር በሩን የሚያየው ራሱ ነበር። ትንፋሹ ሲያጥረው ሰላምታ ውስጥ ይደበቅ ነበር። አንጀቴን በላው፣ ደግሞም ተናደድኩ።

ማንም ወደማያውቀን ወደ ዌስት አዳምስ ሰፈር ድራይቭ አድርጌ ወሰድኩት። እዚያም ጥግ ሳይደርስ የሰው ቤት አጥር ተደግፎ ቆመ።

«በቃኝ ልጄ። እግዜር ያለው ይሆናል።»

«እግዜር ተራመድ ብሎሃል!» ብዬ ጮህኩበት፤ ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ቃሌን በላሁ። በርበሬ ሻጯ እትዬ ጋ ሄጄ፣ ኮሰረትና ሚጥሚጣ በሚሸተው ሱቃቸው ውስጥ እያስነጠስኩ፣ እየተነፋረቅሁ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉና «ስድስት ደቂቃ ብቻ? ይሄንንማ ለእኛ ተዪው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ስንወጣ ሥጋ ቆራጩ ከበሩ ሳይወርድ ቢላውን ከፍ አድርጎ «ደህና አደርክ! አትቁም!» አለ። ልብስ ሰፊው በመስኮት «ሰላም ነው! ወደፊት!» አለ። እትዬ አስፋልቱ ዳር ወጥተው አጨበጨቡ። «ጋሼ፣ እንዳይቆሙ! ሰላምታው የትም አይሄድ፣ ሲድኑ እናወራለን!»

አባቴ ዞሮ አየኝ። «ነገርሽብኝ?»

«አዎ፣ ነገርኩብህ። አሁን ተራመድ!»

ፊቱ ጠቆረ። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየው እንዴት ይቁም? ተራመደ። በአራተኛው ሳምንት ሥጋ ቆራጩ ሽርጡን እንዳገለደመ አብሮት ይራመድ ነበር።

የፈተናው ቀን ነርሷ ሰዓት ይዛ አልኮል አልኮል በሚሸት ኮሪደር ላይ አቆመችው። አባቴ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። የጽዳት ሠራተኛው «ጉድ ሞርኒንግ» ሲለው እጁን አወዛወዘ እንጂ አልቆመም። ስድስት ደቂቃ! እልልታዬን ለቀቅኩት፣ ነርሷ ክው አለች። አባቴ ላቡን እየጠረገ የት ሄደ መሰለሽ? ወደ ጽዳት ሠራተኛው፤ በወጉ ሰላም ሊለው።

ኦፕሬሽኑ ተሳካ፤ ካንሰሩም ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አልተመለሰም። አባቴ እንዳገገመ ፌርፋክስ ላይ በር በሩን እየገባ ያለፈውን ሰላምታ ሁሉ ተወጣው፤ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀብን።

እትዬ አምና አረፉ። ሱቃቸው አሁን ሞባይል ይሸጥበታል። ዛሬም ጠዋት ስንራመድ አባቴ እዚያ በር ላይ ይቆማል፤ ኮፍያውን አውልቆ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ» ይላል። አሁን ትንፋሹ አጥሮት አይደለም። እኔም ሰዓቴን አላይም።