ለእስያ የቆሙ ሽማግሌዎች

የባለቤቴ ቤተሰቦች ሽማግሌ የላኩብን ኮሮና ከመምጣቱ ከዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት ላይ፣ በአንድ እሑድ ማለዳ ነው። እኔ ያን ጊዜ አምቦ ላይ የፖለቲካ ሳይንስ መምህርት ነበርኩ፤ ጎን ለጎን ደግሞ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ዶክትሬቴን እሠራ ነበር። የወላጆቼ ቤት ጊንጪ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጤፍና ስንዴ የነገደ ሰው በመሆኑ መደራደር ያውቅበታል። ያን ቀን ግን ጋቢውን ሲያወርድ ሲያነሣ፣ ወንበሮቹን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲያዞር ነጋ። እኔና እናቴ ጓዳ ገብተን ከመጋረጃው ጀርባ ቆምን።

ከአምቦ የመጡት ሽማግሌዎች አራት ነበሩ። መሪያቸው የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ረጅም፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ ሬዲዮ ከጆሯቸው የማይለዩ ሰው። እንደ ወጉ ከበሩ ገባ ብለው ቆሙ። አባቴ "ኧረ ተቀመጡ!" ቢላቸው "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ። ልጃቸው የእንስሳት ሐኪም መሆኑን፣ ሰው አክባሪነቱን፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሙን ተራ በተራ ተናገሩ። ከዚያ አጎትየው ጨዋታ ለማሳመር ያህል ጠየቁ።

"ለመሆኑ ልጅዎ ምንድን ነው የምታስተምረው?"

"ፖለቲካ" አለ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በእኛ አካባቢ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ልጅ ሲታሰርና ሲፈታ የከረመባቸው ዓመታት ገና ከሰው አፍ አልጠፉም ነበር። ያን ያሳለፈ ሰው ፖለቲካን ምራቱ ላይ እንዲያይ አይጠበቅም። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባቴ ደነገጠ።

"የእኛን አይደለም!" አለ ቶሎ ብሎ። "የእስያን ነው! የእስያን!"

እናቴ ሳቋ እንዳይሰማባት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው።

"እስያ ውስጥ ደግሞ ማን ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?" አሉ አጎትየው።

አባቴ ወደ ጓዳው መጋረጃ ዞረ። ስለ ሥራዬ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ግማሹ ላይ የእህል ዋጋ የሚጠይቅ ስልክ ይመጣበታል። ወግ አጥባቂው አባቴ ያልታሰበ ነገር አደረገ፤ ጠራኝ። በሽማግሌ ፊት የምትጠየቅ ልጅ እንደማትወጣ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ወጣሁ።

አንገቴን ደፍቼ ጀመርኩ። ኢንዶኔዥያ የምትባል በብዙ ደሴቶች ላይ ያለች ሀገር መኖሯን፣ ማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣኑን ለየአካባቢው ሲለቅ ወረዳዎቿ እየተከፈሉ መብዛታቸውን ነገርኳቸው። "አንድ ወረዳ ሁለት ሲሆን፣" አልኩ፣ "የአዲሱ ጽሕፈት ቤት የት ይሁን በሚለው ጎረቤት ከተሞች ይጣላሉ። እኔ የማጠናቸው ሁለት ከተሞች አሉ። አንዷ 'ገበያው እኔ ዘንድ ነው' አለች። ሌላዋ 'መሐል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ' አለች።"

"መሐል ላይ ላለችው ነው የሚገባው!" አሉ አንዱ ሽማግሌ ፈጠን ብለው። "ሰው ለአንድ ፊርማ ተራራ ይውጣ እንዴ?"

"ገበያ የሌለበት ቢሮ ምን ያደርጋል?" አሉ ሌላው። "ጸሐፊው ምን ሊበላ ነው?"

ክርክሩ ተጀመረ። አማርኛው ወደ ኦሮምኛ ሄደ፣ ኦሮምኛው ወደ አማርኛ ተመለሰ። ሁሉም እስያን ትተው የሚያውቋቸውን ወረዳዎች እየጠሩ ተሟገቱ። አባቴም ከአንደኛው ወገን ገባ። አጎትየው እጃቸውን ዘርግተው ዝም አሰኟቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

"በመጨረሻ ለማን ደረሰ?"

"መሐል ላይ ላለችው።"

"ታዲያ አደገች?"

"እሱን ገና አላወቅሁም፣ ኦቦ። ሄጄ ማየት አለብኝ።"

"ጽሕፈት ቤት ያጣችውስ? ምን ሆነች?"

"እሱንም ገና ነው።"

"እንዲህ አንጠልጥለሽማ አትተዪንም!" ብለው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። ጉልበታቸውን ሲመቱ ነው ነገሩ የታወቃቸው። ወደ ታች አዩ፤ ግራና ቀኛቸውን አዩ። አራቱም የአባቴ ወንበሮች ላይ ተደላድለዋል።

"ያ ዋቃ!" ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩ። "ተቀምጠናል እንዴ?"

አባቴ እንደ ደንቡ "ከዘመድ ልምከር" ብሎ ሌላ ቀጠሮ መስጠት ነበረበት። ነገር ግን ሳቁ አልለቀው አለ፤ እንባውን በጋቢው እየጠረገ "እንግዲህ ከተቀመጣችሁ ምን እላለሁ? ሰጥቻለሁ!" አላቸው። እናቴ ከጓዳ እልልታዋን ለቀቀችው።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ባለቤቴ ገና እጮኛዬ ሳለ ሥራው ደንዲ ወረዳ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ አምቦ እየመጣ ዕቅድ እናወጣ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ለኢንዶኔዥያው የጥናት ጉዞ ያመለከትኩት ተፈቀደ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ቀኑን እስካይ ድረስ። ከየካቲት ጀምሮ አራት ወር ነው፤ ሠርጉ መሐሉ ላይ ወደቀ።

እጮኛዬን አምቦ አስፋልቱ ዳር ያለ ካፌ ውስጥ አግኝቼ ነገርኩት።

"እኔ እጠብቃለሁ" አለኝ። "እናቴ ግን ሰንጋ ገዝታለች።"

ለእናቱ የምንናገርበት አንደበት አልነበረንም። አጎቱ ዘንድ ሄድን። ነገሩን ሰሙና ከዘራቸውን አነሡ። በማግስቱ እነዚያኑ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው የገዛ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። አማቴ፣ የእጮኛዬ እናት፣ በሩን ከፍተው አጎትየው ሽማግሌ ደርድረው ቆመው ሲያዩአቸው ግራ ተጋቡ።

"ደግሞ ለማን ልትለምኑ ነው?"

"ለእስያ" አሉ አጎትየው። "ልጅቷ ሄዳ መልሱን ታምጣ። እኛም እንቅልፍ አጥተናል።"

"ድንኳኑስ? ሰንጋውስ?"

"ሰንጋው ይበልጥ ይወፍራል። ይህን ጊዜ ደግሞ እሺ እስክትዪ አንቀመጥም፤ ተምረናል።"

አማቴ ብዙ አላቆሟቸውም። ሠርጉ ወደ ጥር ተዛወረ።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጽሕፈት ቤት ባጣችው ከተማ ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ተከራየሁ። ሙስሊም ናቸው፤ ሁዳዴ ይዞኝ ስለነበር ጾመኛ መሆኔን ስነግራቸው ጾም ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳቸው አላስፈለገኝም። ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቴምፔ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ እሱን በቃሪያ እየጠበሱ ያቀርቡልኛል። ቋንቋቸውን እየሰባበርኩ ስለ ሰንጋው ስለነገርኳቸው ሁልጊዜ ጠዋት ሰላምታቸው "ሰንጋው ደህና ነው?" ሆነ። ከአምቦ ደግሞ በቴሌግራም የአጎትየው ድምፅ ይመጣል፤ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ያቺ ከተማ እንዴት ናት? ዝርዝሩን ግን ለሠርግሽ ቀን አቆዪልኝ።"

ከተማዋ ደህና ነበረች። እኔ ጽሕፈት ቤት ያገኘችው ትበለጽጋለች፣ ያጣችው ትደክማለች ብዬ ነበር የሄድኩት። የጠበቀኝ ሌላ ነው። ቢሮ ያገኘችው ጥሩ ሕንፃዎችና ሰፊ መንገድ አላት፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሰው የለባትም። ያጣችው ከተማ ግን ቸኮሌት የሚሠራበት የካካዎ ፍሬ ነጋዴዎቿ ቂማቸውን ዋጥ አድርገው፣ ወደ አዲሱ ጽሕፈት ቤት በሞተር ብስክሌት እየተመላለሱ፣ ከአዲሶቹ ሹሞች ጋር ተስማምተው መንገዷን አስጠግነዋል። ገበያዋ ጠዋትም ማታም ይጮኻል። አንዱ ነጋዴ "ቢሮውን ወሰዱ፣ እኛ ሹሞቹን ወዳጅ አደረግን" ብለውኛል። ማስታወሻዬን የጻፍኩት እየሳቅሁ ነው።

ጥር ላይ አምቦ ድንኳን ውስጥ፣ ቬሎዬን ለብሼ ከሙሽራዬ ጎን ተቀምጬ ሳለሁ አጎትየው ሊመርቁን መጡ። ምርቃቱን ከመጀመራቸው በፊት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። ዝርዝሩን ለሠርጉ ቀን ስላቆዩት ከተመለስኩ በኋላም እንዳልነግራቸው ከልክለውኝ ነበር።

"እህ?"

በጆሯቸው ነገርኳቸው። ቀና ብለው ማይክሮፎኑን ከዘፋኙ ተቀበሉ።

"ወገኖቼ! ገበያ ያላት ከተማ አልወደቀችም!"

ምን እንደተባለ ያወቀ ከእኛ ከሙሽሮቹና ከአራቱ ሽማግሌዎች በቀር ማንም የለም። ድንኳኑ ግን በእልልታ ተናወጠ፤ መሐል ላይ ላለችው የተከራከሩት ሽማግሌ ብቻ እጃቸውን አወናጭፈው ሳቁ። ሰንጋው አልታረደም። አማቴ በእጃቸው ሲያበሉት ከርመው ሲጠሩት የሚመጣ ሆነና "ይህን የነካ እኔን ነካ" አሉ። ሌላ ተገዛ፤ የመጀመሪያው ዛሬ ደንዲ የዘመድ ቤት ያርሳል።

ዶክትሬቴን የጨረስኩት ከኮሮና በኋላ ነው። የመጨረሻውን ፈተና ባለፍኩበት ሳምንት እኔና ባለቤቴ ወንጪ ሐይቅ ወረድን። መንገዱ ገና እየተሠራ ስለነበር ከላይ መኪናውን አቁመን ፈረስ ተከራየን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ባለቤቴ የፈረሱን ኮቴ ሊያይ ጎንበስ አለ፤ እኔ ከጀልባ ቀዛፊዎቹ ጋር ወሬ ጀመርኩ። እንግዳ ሲመጣ ተራው የማን ነው? የላይኛው መንደርና የታችኛው እንዴት ተስማሙ? አንደኛው ቀዛፊ ሲነግረኝ ሌላው "እንደሱ አይደለም!" ብሎ ገባበት።

ባለቤቴ ኮቴውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

"ልናርፍ አልነበር የመጣነው?"

"አንዲት ጥያቄ ብቻ" አልኩት።

ቀዛፊዎቹ ክርክራቸው ሳያልቅ ጀልባው ላይ አሳፈሩን። በአንድ በኩል አንዱ፣ በሌላ በኩል ሌላው እየቀዘፉ፣ እኔ መሐል ሆኜ ዞር ዞር እያልኩ እያዳመጥኩ፣ ባለቤቴ እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ እየሳቀ፣ ሐይቁ መሐል ወዳለችው ደሴት ተሻገርን።