መስኮት ሥር የቆመው አብዮት ጠባቂ

በደርግ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት አስተማሪ ነበርኩ። የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ በየቀኑ መስኮቴ ሥር ይቆማል። አፌም እጄም በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ይጭራል። የማስተምርበትን የእጅ ምልክት የፀረ አብዮት መልእክት አድርጎት ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ አርብ ልጆቹ ሲወጡ ገባና በሩን ዘጋው።

«ጓድ መምህርት፣ አንድ ወር ሙሉ ስከታተልዎት ነበር።»

«እኔ እኮ ፖለቲካ የሚባል ነገር አላውቅም!» አልኩት።

ደብተሩን ዘረጋልኝ። ገጹ ሁሉ ምልክት የሚሠሩ እጆች ሥዕል ነው፤ ከየሥዕሉ ሥር «ውሃ»፣ «ዳቦ»፣ «እናት» ተብሎ ተጽፏል።

«ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው እንዳያያት ከቤት አውጥተናት አናውቅም። ‹አባት› የሚለው አምልጦኛል።»

ጠመንጃውን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አስደገፈና ሁለት እጁን አዘጋጀ።