ከአፏ ያልወጣው ስም

ሐመልማልን በመሥሪያ ቤታችን «ፍተሻ» ነው የምንላት፤ በፊቷም ከኋላዋም። እሷም አትቀየምም። ቤቷ የሄደ እንግዳ የዋይፋይ ፓስዎርድ ሲጠይቃት ፈገግ ብላ ትሰጠዋለች፤ የምትሰጠው ግን ለእንግዳ ብላ ለብቻው የከፈለችውን መስመር ነው። የገዛ እናቷ እትዬ በቀለች ሳይቀሩ ዓመት ሙሉ በእንግዳው መስመር ኖረዋል። ነገሩን ሲደርሱበት «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ እናትሽ እንግዳ ሆንኩ!» ብለው ተቆጡ። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ስልክሽን ለሰፈሩ ሁሉ ታውሺያለሽ» አለቻቸው። እውነቷን ነበር።

እኔ የምሠራው ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ ነው። ቁጡ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም፤ ደዋዩን ሁሉ እንደ ወንጀለኛ ስትመረምር እየሰማሁ ስንት ጊዜ ጥርሴን እንደነከስኩ እኔ አውቃለሁ። በሐምሌው ዝናብ የደወለችውን ሴት ስትመረምር ግን ንዴት ሳይሆን ፍርሃት ነበር የያዘኝ።

ቢሯችን አሰላ ውስጥ፣ ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ በላይ ያለች ትንሽ ክፍል ናት። ከሳጉሬ በላይ፣ በጎበሳና በአርቦዬ በኩልም ላሉ የገጠር ጤና ኬላዎች ገመድ አልባ ኢንተርኔት እናቀርባለን። እያንዳንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንድ ታብሌት አላት። የታካሚዎቿን መረጃ የምትይዘው በዚያ ነው፤ ነገር ሲከብዳትም አሰላ ያለ ሐኪም በቪዲዮ ታማክርበታለች። ታብሌቱ የሚሠራው በተመዘገበበት ታወር ሥር ብቻ ነው። ሌላ ታወር ላይ ብቅ ካለ ኔትወርኩ «ተሰርቋል» ብሎ ይጠረጥርና ይቆልፈዋል። የሚከፈተው ባለቤቷ ደውላ ማንነቷን ካረጋገጠች ነው፤ የምታረጋግጠው ደግሞ ለሐመልማል ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። አምና አንድ ታብሌት ከነቦርሳው ተሰረቀ። አንዲት ሴት ደወለች፤ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የትውልድ ቦታዋን ያለምንም መንተባተብ መለሰች። ከኋላዋ የሚያንሾካሹክ ወንድ ነበረ። ሐመልማል ባሏ ይሆናል ብላ ከፈተችላት። ለካ ቦርሳው ውስጥ የመታወቂያ ኮፒ ነበረና ከዚያ ላይ ነበር የሚያነቡት። በሳምንቱ ማን የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደሚወስድ አገሩ ሁሉ ሰማ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሱቋን ዘግታ ከዚያ ቀበሌ ወጣች፤ የት እንደገባች እስካሁን የሚያውቅ የለም። ይቅርታ ሊጠይቅ የሄደው አለቃችን እንደሻው ነው። ምን እንዳሉት አልነገረንም፤ ሲመለስ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ሕግ ወጣ። የደዋይዋ የራሷ ስም ብቻውን አይበቃም፤ የተጠሪዋን ሙሉ ስም እስከ አያት መናገር አለባት፣ ያውም በራሷ አንደበት። ሰው ከኋላ ከነገራት መልሱ ውድቅ ነው። ሐመልማልም እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነባትና ከዚያ ወዲህ «ፍተሻ» ሆነች። አንድም ጊዜ ሕጉን ስታልፍ አላየኋትም።

ያን ቀን ከምሳ መልስ ዝናቡ ጣሪያችንን ይደበድበዋል። ስልኩ ጮኸ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ሐመልማል ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቀችው፤ እኔም ሰማሁ።

«ሰኪና እባላለሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፣ ከሳጉሬ በላይ» አለች አንዲት ሴት እያለከለከች። «ታብሌቴ ተቆለፈብኝ። ወላድ ይዣለሁ። ልጁ በሰላም ወጣ፤ የሷ ደም ግን አልቆም አለ።»

«አምቡላንስ ጠርተዋል?»

«ጠርቻለሁ። ወንዙ ሞልቶበት በላይ በኩል እየዞረ ነው። ዶክተሯን በዚችው ስልክ አግኝቻት ነበር፤ ‹እንግዴ ልጁ ሙሉውን መውጣቱን በዓይኔ ሳላይ ምን አድርጊ ልበልሽ፣ በታብሌቱ አሳዪኝ› አለችኝ። ይቺ ስልክ ካሜራ የላትም እህቴ።»

«ከታወርዎ ክልል ለምን ወጡ?»

«ቤቷ ጋራው ማዶ ነው። ጤና ኬላ ልናደርሳት ስንል ምጡ ቀደመን።»

ሐመልማል ጥያቄዋን ጀመረች። የትውልድ ቦታ፣ የሥልጠና ቦታ፣ ታብሌቱን ያስረከባት ሰው። ሰኪና ሁሉንም መለሰች። እኔ ልቤ ቀለል አለኝ፤ የሐመልማል ፊት ግን አልተፈታም። የአምናዋም ሴት ሁሉንም መልሳ ነበር።

«የመጨረሻው ነው። የተጠሪዎን ሙሉ ስም ይንገሩኝ፣ እስከ አያት።»

«ሰላሁዲን» አለች ሰኪና።

«ሰላሁዲን ማን?»

የእኛ ጣሪያ ይጮሃል፣ በስልኩ ውስጥ ደግሞ የእነሱ ጣሪያ ይጮሃል።

«ሰላሁዲን ማን፣ እመቤቴ?»

«ባለቤቴ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። የአባቱን ስም ነው የምጠይቅዎት።»

«እሱን ተዪኝ፣ ማሎ እህቴ። ሌላ ጠይቂኝ። የራሴን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እስከፈለግሽው ድረስ ልቁጠርልሽ።»

ሐመልማል የፊቷን ኮምፒውተር ታያለች። «ሰላሁዲን ኤደኦ በዳሶ» ይላል። ሁለት ስም ብቻ ነው የቀረው፤ የባሏ አባትና አያት። የባሏን አባት ስም የማታውቅ ሚስት የት አለች? እኔም በዚህ ጊዜ መጠራጠር ጀመርኩ፤ ብዋሽ ደግ አይደለም። ሕፃን ሲያለቅስ ብንሰማ እንኳ ሁላችንም ቀለል ይለን ነበር። ግን ከዝናብ በቀር ምንም አይሰማም።

እንደሻው ከቢሮው ወጥቶ ከኋላችን ቆመ። ምን እንደሆነ በሹክሹክታ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ሰኪና፣ ጊዜ የለንም» አለች ሐመልማል። ድምፅዋ ጠንክሯል፤ ጣቷ ግን የታብሌቱ መክፈቻ ቁልፍ ላይ ነበር። «ስሙን ይንገሩኝና ልክፈትልዎ።»

«ለኪ… አልችልም።»

ያኔ ከርቀት የወንድ ድምፅ መጣ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ዝናቡ ዋጠው። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ለእኛም ጥርት ብሎ በሚሰማ ድምፅ፣ «ኤደኦ! ኤደኦ በያት!» አለ።

እንደሻው እንደ ተወጋ ሰው ዘለለ። «ዝጊው» አለ። «ዝጊው ሐመልማል። ወንዱ እየነገራት ነው። ያው የአምናው ነው።»

«አጠገብዎ ያሉት ሰውዬ ማን ናቸው?» አለች ሐመልማል።

«የወላዷ አባት ናቸው። ከበሩ ውጪ ናቸው።»

«ከሰው የተነገረ መልስ አልቀበልም፣ ይወቁት።»

«አውቃለሁ» አለች ሰኪና፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ልጅቷ እየቀዘቀዘች ነው። እጇ እየቀዘቀዘብኝ ነው።»

ለቅሶዋ ብቻ ይሰማል። እንደሻው እጁን ዘርግቶ ራሱ ሊዘጋው ሲል ሐመልማል እጁን ገፋችው። በአለቃ ላይ እጅ ማንሳት የሷ ጠባይ አይደለም።

«ቆይ» አለች። «ስሙን እኮ ሰማችው። እኛም ሰማነው። ለምን አትደግመውም?»

«ምን?»

«ሌባ ብትሆን ከአፉ ነጥቃ ትደግመው ነበር። የአምናዋ የተነገራትን ሁሉ ስትደግም ነበር። ይቺ ስሙ ጆሮዋ ላይ እየተጮኸ እንኳ አልደገመችውም።»

ሐመልማል ሳጉሬ ነው ያደገችው። አባቷ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ከአጥራቸው ማዶ ጁወይሪያ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ጁወይሪያ አግብታ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ የባሏን አባት ስም ጠርታ አታውቅም። እዚያ አገር ሙሽራ የአማቷን ስም አትጠራም፤ ከስሙ ጋር የሚገጥም ቃል እንኳ ትሸሻለች። ለጉ ይሉታል። የጁወይሪያ አማት ሰንበቶ ይባሉ ነበርና ሰንሰለትን «የውሻው ብረት» ነበር የምትለው። ልጆቹ «ሰንሰለት በዪ!» እያሉ ያስቸግሯታል፤ እሷ ስቃ ታልፋለች። አማቷ ሞተው እንኳ አልጠራቻቸውም። ይህን ሁሉ ሐመልማል የነገረችኝ ኋላ ነው፤ ያኔ ለወሬ ጊዜ አልነበረም።

«ሰኪና» አለች፤ አንቱታውን ትታ። «ለጉ ነው ያስቸገረሽ?»

ሴትየዋ ተንሰቀሰቀች። «የስሙ ባለቤት እሳቸው ናቸው» አለች በመጨረሻ። «በሩ ላይ የቆሙት። ወላዷ ልጃቸው ናት።»

«አሁንማ አንቺው መንገዱን አሳየሻት» አለ እንደሻው። «ማንም አዎ ይልሻል።» ተሳስቷል አልልም። በዚያች ሱቅ በዘጋችው ሴት ምክንያት እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

«አዎ ስላለችኝ አይደለም» አለች ሐመልማል። «ስሙን ስላላለችው ነው። ከተሳሳትኩ የማጣው እንጀራዬን ነው፤ አንተን አይነካህም» ብላ ከፈተችው።

ታብሌቱ ኔትወርኩ ውስጥ ገባ። ወዲያው ወጣ። እንደገና ገባ። ማዶ ያለው ታወር በዝናቡ ተዳክሟል፤ በዚያ ላይ የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ሁሉ ዝናቡን ተጠልሎ ስልኩን ይነካካል። ቪዲዮ የሚያሳልፍ ቦታ የለም። ሐመልማል የታወሩን ዝርዝር ከፈተችና ከሰኪና ታብሌት በቀር ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ከመስመር ማውረድ ጀመረች። እኔም ከታች በኩል እያወረድኩ አገዝኳት። ወዲያው ሌላው ስልክ መጮህ ጀመረ፤ ደንበኞች «ኔትወርክ ጠፋ» እያሉ ነው። እንደሻው ራሱ አንስቶ «እየጠገንን ነው፣ ይታገሡ» ማለት ያዘ። ያን ጊዜ ወደድኩት።

ቪዲዮው ተያያዘ። እኛ ምስሉ አይታየንም፤ የታካሚ ነገር ስለሆነ አይፈቀድልንም። የሚታየን መስመሩ መሥራቱ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ነጥብ። ነጥቡ ሲደበዝዝ የሐመልማል ትንፋሽ ይቆማል፣ ሲመለስ ትተነፍሳለች። ዝናቡ አባርቶ እንኳ ከወንበሯ አልተነሳችም። በመጨረሻ ነጥቡ ጠፋ።

«ተቋረጠ?» አልኳት።

«ከዚያ በኩል ነው የተዘጋው» አለች። ለምን እንደተዘጋ ግን ማናችንም አላወቅንም። ሐኪሟ ስልክ አታነሳም፣ ሰኪናም አታነሳም። እንደሻው በመስኮቱ እያየ ቆመ። እኔ ሻይ አዝዤ ማንም አልጠጣውም።

የደወለችው ሐኪሟ ናት። ቁራጭ እንግዴ ልጅ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል፤ ሐኪሟ በቪዲዮ እያየች እየነገረቻት ሰኪና አውጥታዋለች። ደሙ ቀንሷል፤ አምቡላንሱም ደርሶ ይዟት ወርዷል። እናትየዋ በሕይወት አለች። ሐመልማል ስልኩን አስቀመጠችና ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እንደሻው ሌሎቹን መስመሮች መልሶ መክፈት ጀመረ።

ሰኪና ቢሯችን የመጣችው መስከረም ላይ ነው፤ ታብሌቷን በሁለቱም ታወር ለማስመዝገብ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ሐመልማል ወንበር ሰጠቻት፤ የተጠሪ ስም የሚለው ጥያቄም እንደተለወጠ ነገረቻት። ሰኪና ራሷን ነቀነቀች፤ ግን አልተደሰተችም። «አማቴ ከመጮሃቸው በፊት ምን እንዳሉኝ ሰምተሽ ነበር?» አለቻት።

«አልሰማሁም። ዝናቡ ዋጠው።»

«‹ፈቅጄልሻለሁ ልጄ፣ ጥሪኝ› ነው ያሉት።»

ሐመልማል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የስሙ ባለቤት ፈቀዱልኝ እኮ» አለች ሰኪና። «ልጃቸው ከፊቴ እየሞተች፣ ራሳቸው ጥሪኝ እያሉ እየለመኑኝ፣ አፌ አልከፈት አለ። አንቺ ባትከፍቺው ኖሮ እጠራው ነበር ወይ እያልኩ ሌት ተቀን ራሴን እጠይቃለሁ። አልጠራውም ነበር መሰለኝ። ልጃቸው ታቅፋኝ ‹እህቴ አዳነችኝ› ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።»

ኃጢአቱን ያልተናዘዘ ሰው የሚኖረው ፊት አለ፤ የሐመልማልም ፊት እንደዚያ ሆነ። ወንበሯን ስባ ተጠጋቻትና እጇን ያዘች።

«እኔም እኮ ጣቴ መክፈቻው ላይ ነበር» አለቻት። «እሷ ስትደማ እኔ አንቺን ስጠብቅ ነበር።»